የሠርግ ሳምንት የተሻሻለው ኮምፒውተር

አንዳንዱን ሰው መጠጥ ያጠፋዋል፣ አንዳንዱን ወሬ ማመላለስ። እኔን የሚያጠፋኝ «አዲስ ስሪት ወጥቷል፤ አሁን ይሻሻል?» የሚል ጽሑፍ ነው። ይህ ነገር ስክሪን ላይ ብቅ ካለ እጄን መያዝ አልችልም። ባለቤቴ ዲምቱ «አንተን ያየ አሮጌ ነገር የማትወድ ይመስለዋል፤ ካልሲህን ግን ተመልከት» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ካልሲዬ ከእኔ ትዳር በፊት የተገዛ ነው፤ ስልኬ ግን ትናንት ከወጣው ስሪት አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም።

አምቦ የመጣሁት በሥራ ዝውውር ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ክፍል ተቀምጬ ሪፖርት አጠናቅራለሁ። እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ፣ ኦሮምኛውንም ሰው እየሳቀብኝ ለመድኩት። የዲምቱ ቤተሰቦች ፕሮቴስታንት ናቸውና እሷን ተከትዬ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስጀምር፣ ሽማግሌዎቹ ኮምፒውተር መክፈትና መዝጋት እንደምችል አዩ። አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝሙር ግድግዳ ላይ የሚያወጣው ላፕቶፕ በእኔ ላይ ወደቀ። በእኛ አገር አንድ ቀን ፕሪንተር የነከሰውን ወረቀት ያላቀቀ ሰው ዕድሜ ልኩን ኢንጂነር ነው።

ላፕቶፑ የተለገሰ አሮጌ ዕቃ ነበር፤ ቫይረስ እንደ ቁንጫ ይፈላበታል። እኔም ሁሉን ጠራርጌ ሊኑክስ የሚሉትን ሥርዓት ጫንኩበት። ሽማግሌዎቹ ስለ ፍጥነቱም ስለ ደኅንነቱም አልጠየቁኝም። «ነጻ ነው፣ አይከፈልበትም» ስላቸው ብቻ አንድ ላይ «እግዚአብሔር ይባርክህ!» አሉኝ።

ስለዚህ ሊኑክስ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ባይገባችሁ ግድ የለም፣ እኔም ዘግይቶ ነው የገባኝ። እዚያ ቤት ፕሮግራም ብቻውን አይመጣም። ፓኬጅ ይሉታል፤ ጠባዩ ለሠርግ እንደተጠራ የጉደር ሰው ነው። «ና» ስትሉት «አጎቴ ካልመጣ አልመጣም» ይላል። አጎትየውን ስትጠሩት «ያለ ሚስቴ ወንድም የት ሄጄ አውቃለሁ?» ይላል። የሚስቱ ወንድም ሲመጣ ደግሞ ቀድሞ ከተቀመጠ ሰው ጋር ተኳርፎ የኖረ ሆኖ ይገኛል፤ እሱ ካልወጣ አልገባም ይላል። ይህን ሁሉ የሚያስታርቅ፣ ፓኬጅ አስተዳዳሪ የሚባል ሽማግሌ ማሽኑ ውስጥ አለ። ትዕግሥተኛ ሽማግሌ ነው። ማለቴ እኔ እጅ እስኪወድቅ ድረስ ትዕግሥተኛ ነበር።

አሁን ወደ ኦቦ ገመዳ ልምጣ፤ ነገሩ የእሳቸው ነውና። ኦቦ ገመዳ ጎረቤታችን ናቸው። ጉልበታቸውን የጨረሱት ጭልሞ ደን ዳር፣ ግንድ የሚሰነጥቅ ትልቅ መጋዝ አጠገብ ቆመው ነው። መጋዙ እንደ ጓደኞቻቸው ጣት አልወሰደባቸውም፤ ጆሮ ነው የወሰደባቸው፣ ቀስ በቀስ። አሁን መድፍ ቢተኮስ ዞር አይሉም። ልጃቸው ሌንሳ ጡት ሳትጥል ሚስታቸው ስለሞቱ፣ ልጅቷን ጠጉሯን ሳይቀር እየሠሩ ለብቻቸው አሳደጓት። ዛሬ ሌንሳ እጃጂ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት።

ኦቦ ገመዳ ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፣ በሀ ሁ። አፋቸው ኦሮምኛ ነው፤ ዛሬ ኦሮምኛ የሚጻፍበትን ቁቤ፣ ማለትም የላቲኑን ፊደል ሲያዩ ግን «ይሄ የእንግሊዞች ነው» ብለው ይተዉታል። ወጣቶቹ ደግሞ ቁቤ ነው የሚያነቡት። ስለዚህ እኔ እያንዳንዱን መዝሙር ከላይ በቁቤ፣ ከሥሩ ያንኑ ኦሮምኛ በሀ ሁ ፊደል እየጻፍኩ አወጣለሁ። የታችኛውን መስመር የሚያነቡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ መነጽራቸውን ያጠልቃሉ፣ ከሕዝቡ ግማሽ መስመር ዘግይተው፣ ከእሳቸው በቀር ማንም በማያውቀው ዜማ ጣሪያ የሚያነሳ ድምፅ ያወጣሉ። መዘምራኑ ለምደዋቸዋል።

ሌንሳ ልታገባ ሆነ። ሙሽራው ኦላና የእጃጂ ልጅ ነው፤ እህል ይነግዳል፤ ረጋ ያለ ሰው። የሠርጉ ሳምንት ሲገባ ሌንሳ ቤታችን መጣች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለችኝ። «ስብከቱ ቢቀር ግድ የለኝም። ቃል ኪዳኑ ግን ከነጥያቄው ግድግዳው ላይ ይውጣልኝ፣ አባዬ በሚያነበው ፊደል። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ አይተኸዋል አይደል? ሰው ሲስቅ ይስቃል፣ ሰው ሲነሳ ይነሳል። በእኔ ሠርግ እንደ እንግዳ እንዲቀመጥ አልፈልግም።»

«ሐሳብ አይግባሽ!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ዲምቱ ከጓዳ ሆና «እሱ ሐሳብ አይግባሽ ካለሽ ነው ሐሳብ የሚገባሽ» አለች። ሳቅን። ቃል ኪዳኑን ከፓስተሩ ተቀብዬ በዚያው ሰሞን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፣ ግድግዳው ላይም አውጥቼ ሞከርኩት። ጥርት ብሎ ወጣ። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ሐሙስ ዕለት ላፕቶፑን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊያችን ስብሰባ ከሄዱ የቢሯችን ኢንተርኔት ይፈጥናል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አይናገርም። ማሽኑን ስከፍተው ያ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ አዲስ ስሪት ወጥቷል፤ አሁን ይሻሻል? እኔም አሰብኩ። ለሠርግ ቤት ይለሰናል፣ አጥር ይጠጋገናል፣ ድንኳን ይተከላል። ኮምፒውተሩስ ምን በወጣው ነው በአሮጌ ልብሱ ሠርግ የሚውለው? አዎ አልኩ።

እየወረደ እያለ፣ ገና ግማሹ ላይ፣ ኔትወርክ ሄደ። ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። ከምሳ በኋላ ኃላፊያችን ሲመለሱ ማሽኑም ጨርሶ ተነሣ። ስክሪኑ ላይ የሚያምር አዲስ ሥዕል ነበረ፤ ወንጪ የሚመስል ሐይቅ። ደስ አለኝ። ከዚያ የመዝሙሩን ፕሮግራም ፈለግኩት፤ የለም። ከሥር ስፈልግ የማሽኑ ሽማግሌ በትሕትና እንዲህ ብሎኛል፦ ይህ ፕሮግራም ከአዲሱ ስሪት ጋር ስለማይስማማ አንሥቼዋለሁ።

መልሼ ልጭነው ሞከርኩ። «ያለ እከሌ አልገባም» አለ። እከሌን ጠራሁ። «እኔ የምገባው አሮጌው እከሌ ካለ ነው» አለ። አሮጌውን ሳመጣ ከአዲሱ ጋር ተናከሱ። አዲሱን ላስወጣ ስል ሽማግሌው ከመቀመጫው ተነሣና በቀይ ጽሑፍ አስጠነቀቀኝ፦ ይህን ብታስወጣ ብዙ ነገር አብሮ ይወጣል፤ አደጋ ነው፤ ከቆረጥክ «ያልኩህን አድርግ» ብለህ በእጅህ ጻፍ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኔ ቤቴ ውስጥ ያልኩት አይደረግም፤ ቢሮም ዘበኛው እንኳ በር ክፈት ስለው «ቆይ» ነው የሚለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፍጡር ትእዛዜን በጽሑፍ እየጠበቀ ነው። «ያልኩህን አድርግ!» ብዬ ጻፍኩ፣ ቃለ አጋኖ ጨምሬ። አደረገው። ሐይቁ ጠፋ፣ መስኮቶቹ ጠፉ፣ የማውሱ ቀስት ጠፋ። ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ትንሽ መስመር ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። አጎቱንም፣ አማቹንም፣ ድንኳኑንም ነው ነቅሎ የሄደው።

አቤል የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ ጊንጪ ኮምፒውተር ያስተምራል። አርብ ጠዋት ደወልኩለት።

«ምን አድርገህ ነው?» አለኝ።

«አሻሻልኩት።»

«ይሠራ ነበር?»

«በደንብ!»

«ታዲያ ለምን አሻሻልከው?»

ይህን ጥያቄ ዲምቱም ጠይቃኛለች። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠብቄ፣ ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ጊንጪ ገባሁ። አቤል መጀመሪያ ሰበከኝ። የኮምፒውተር ሥርዓት እየሠራ እያለ እንደማይነካ፣ ይልቁንም በሠርግ ሳምንት፣ ይልቁንም በእኔ እጅ። እሺ እሺ አልኩ፤ የቸገረው ሰው ስብከት አይመርጥም። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። ድንኳኑን መልሶ ተከለ። ከራሱ ማሽን አሮጌውን የመዝሙር ፕሮግራም ከነዘመድ አዝማዱ ቀድቶ በጓሮ በር አስገባልኝ። አዲሱ ስሪት ሀ ሁን መጻፍ አልችልም ብሎ ስለነበር የፊደሉን ቅርጽ የያዘውን ፓኬጅም ጨመረበት። ቃል ኪዳኑ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ሲወጣ አቤልን አቅፌ ሳምኩት።

«ስማ» አለኝ ሲሸኘኝ። «ከአሁን በኋላ ምንም እንዳትነካ። ምንም!»

«ምን ልነካ ብዬ!» አልኩት፣ ተቀይሜ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ገና አበባ እየተሰቀለበት ደረስኩ። ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘሁ። ሁሉ ሰላም ነው። ሽማግሌው ግን ከታች በኩል አንዲት ማስታወሻ ትቶልኛል፦ ከእንግዲህ የማያስፈልጉ ፓኬጆች አሉ፤ ይጽዱ?

እኔ ንጽሕና እወዳለሁ። ካልሲዬን አታንሱብኝ፣ ሌላ ነገር ነው። ወለሉ ተወልውሏል፣ መጋረጃው ታጥቧል፣ የእኔ ማሽን ብቻ ቆሻሻ ይዞ ሠርግ ሊውል? አቤል አትንካ ብሏል። ማጽዳት ግን መንካት ነው እንዴ? አዎ የሚለውን ተጫንኩ።

ለካስ አቤል በጓሮ በር ካስገባቸው መሀል ማንም በስም ያልጠራቸው ነበሩ። ሽማግሌው እየዞረ «አንተ የማን እንግዳ ነህ?» ሲላቸው መልስ የላቸውም፤ እያንዳንዳቸውን በአክብሮት ወደ ውጭ ሸኛቸው። አንደኛው የሀ ሁ ፊደል ነበር። እኔ ይህን አላየሁም። በስክሪኑ ላይ የነበረው «እንኳን ደህና መጣችሁ» በቁቤ የተጻፈ ስለነበር አምሮ ደምቆ ቆሟል፤ እኔም ክራቫቴን አስተካክዬ ቆሜያለሁ።

ሕዝቡ ገባ። የእጃጂ ሰዎች በግራ፣ የአምቦ ሰዎች በቀኝ። ኦቦ ገመዳ አዲስ ሱፍ ለብሰው ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡና መነጽራቸውን አጠለቁ። መዝሙር ተጀመረ። የላይኛው መስመር በቁቤ ይነበባል። ከሥሩ ግን፣ ሀ ሁ መሆን ሲገባው፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፤ ባዶ ሳጥን ተደርድሯል። ወጣቱ ሁሉ እያጨበጨበ ይዘምራል፤ ማንም ልብ ያለው የለም። ኦቦ ገመዳ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በክራቫታቸው ጠረጉት፣ መልሰው አጠለቁት። ከዚያ መስማት የተሳነው ሰው ሹክ የሚል ሲመስለው በሚያወጣው ድምፅ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው በኦሮምኛ ጠየቁት፦

«ይሄ ምንድን ነው? ጣውላ ነው የሚቆጥሩት?»

ወዲያው ወደ ውጭ ወጥቼ ለአቤል ደወልኩ።

«ነካኸው?» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

«አልነካሁትም! ያጸዳሁት ነው!»

«የፊደሉን ፓኬጅ ከኢንተርኔት አውርደው፤ ትንሽ ነገር ነው» አለኝ አቤል። ተመልሼ ገብቼ ስልኬን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ ማውረድ ጀመርኩ። ትንሽ ነገር ነው ያለው እውነቱን ነው፤ ኔትወርኩ ግን ከእሱም ያነሰ ነበር። መሀል ላይ ደርሶ ይቆማል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። እኔም ከእያንዳንዱ ጋር እየተነሣሁ እየወደቅኩ፣ ያን ዘንባባ የተጎነጎነለትን መድረክ ማየት ፈራሁ። ስብከቱ ረዘመልኝ፤ ፓስተሩ ስብከት ማስረዘም የሚችሉ ሰው ናቸው፣ በሌላ ቀን አማርራቸው ነበር። ያን ዕለት ግን በልቤ «በርቱ አባቴ፣ ጨምሩ» እላለሁ። እሳቸው ደግሞ የዚያን ዕለት አጠር አደረጉት።

ቃል ኪዳን ደረሰ። ኦላና ተጠየቀ። «ኤዬ» አለ፣ አዎ ማለቱ ነው። ፓስተሩ ወደ ሌንሳ ዞሩ። ማይክሮፎኑን አፋቸው ውስጥ ሊከቱት ምንም አልቀራቸውም፤ ጢማቸውም ከንፈራቸውን ከላይ ይከድነዋል። ኦላናን ባልሽ አድርገሽ ትቀበያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት።

ሌንሳ ወደ ግድግዳው አየች። ሳጥን። ወደ አባቷ አየች። ኦቦ ገመዳ አንገታቸውን አስግገው፣ አንዴ ሳጥኑን አንዴ የፓስተሩን ጢም ያያሉ። አልመለሰችም።

ፓስተሩ ፈገግ ብለው ጥያቄውን ደገሙት። አልመለሰችም። የመዘምራኑ ማንጎራጎር ቆመ። ኦላና ምስኪን፣ ምን ያድርግ፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል። በግራ በኩል ከእጃጂ ሰዎች መሀል አንዲት ሴትዮ «ኧረ ምነው፣ ልጃችን ምን አደረጋት?» ሲሉ ተሰሙ። በቀኝ በኩል አክስቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ፓስተሩ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ምን ሆነሻል?» ሲሏት ማይክሮፎኑ መሀላቸው ነበርና መልሷን ያልሰማ የለም።

«አባቴ ጥያቄውን አላነበበም» አለች። «እሱ ሳያነብ አልመልስም።»

ያ ሁሉ ሕዝብ አንገቱን አዙሮ ወደ እኔ ተመለከተ። የገዛ ሚስቴ ሳትቀር። እመኑኝ፣ የዚያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር። ስልኬን አየሁ፤ ማውረዱ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሥቷል። ከዚያ በኋላ አላሰብኩም። የታሸገ ውሃ የመጣበትን ካርቶን ከበሩ ሥር አነሣሁ፣ ቀደድኩት፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ማርከር ነጠቅኩና ጥያቄውን በኦሮምኛ፣ በሀ ሁ፣ ፊደሉን ክንድ ክንድ እያሳከልኩ ጻፍኩት። ካርቶኑን ደረቴ ላይ ለጥፌ በመሀል መንገድ፣ ሚዜዎቹ በሚያልፉበት ምንጣፍ፣ እስከ ፊት ሄድኩና ኦቦ ገመዳ ፊት ተንበረከክኩ።

አላፈጠኑም። ጣታቸውን ካርቶኑ ላይ፣ ማለትም ደረቴ ላይ እያስኬዱ፣ እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብለው አነበቡ። የኦላና ስም ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ሙሽራውን አዩት፣ እንደገና ወደ ካርቶኑ ተመለሱ። መጨረሻው ላይ ደርሰው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉና ለልጃቸው በአገጫቸው ምልክት ሰጧት፤ በይ እንግዲህ፣ ሰው አታስጠብቂ።

«ኤዬ» አለች ሌንሳ።

እልልታው ፈነዳ። ኦላና ዞሮ ሚዜውን አቀፈው። የእጃጂዋ ሴትዮ ከሁሉ በላይ እልል አሉ። እኔ ግን ሥራዬ አላለቀም፤ ካርቶኑን ገልብጬ፣ እንባዬ እያስቸገረኝ፣ ምን ብላ እንደመለሰች ልጽፍላቸው ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ፊደል ሳልጨርስ ኦቦ ገመዳ በዚያ ግንድ በሚያነሣ እጃቸው እጄን ያዙኝ።

«ተወው ልጄ፣ ይሄን ከአፏ አየሁት» አሉ፣ ከእልልታው በላይ በሚሰማ ድምፅ። «አፍ ያስፈታኋት እኔ አይደለሁም?»